ከሰሜኑ ግድግዳዬ ሥር ያደገው ዝንጉርጉር ሆስታ

ደብረ ብርሃን ውስጥ አትክልት የያዘ ሰው ኅዳርን ያውቀዋል። ማታ ለምለም ሆኖ የታየ ተክል ጠዋት የፈላ ውኃ የተደፋበት መስሎ ይገኛል፤ ጠቁሮ፣ ልምሾ ሆኖ፣ መሬት ላይ ተኝቶ። በ2010 ዓ.ም ኅዳር ላይ በማሰሮ የተከልኳቸው ሦስቱ ሆስታዎቼ (ሆስታ ስለ ሰፊ ቅጠሉ የሚያዝ የጥላ ተክል ነው) እንዲህ ሆነው ሳገኛቸው ሞቱ ብዬ ደነገጥኩ። ቅጠላቸው መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ የገለባ መልክ ያዘ፣ ከዚያ በእጄ ገና ስነካው ከሥሩ ለቀቀ። ሁለቱን አንሥቼ ማድ ቤት አስገባኋቸው። ምድጃው አጠገብ፣ ሙቀት ባለበት አስቀምጬ በየማለዳው ውኃ አጠጣቸው ጀመር።

አንደኛው በሁለት ወር ውስጥ ሥሩ በሰበሰ። ሁለተኛው በጥር ቀጭንና የገረጣ ቅጠል አወጣ፤ እስከ ክረምት ድረስም ከስንዝር አላለፈም። ሦስተኛው ከቤቱ ጀርባ፣ በጋውን ሙሉ ፀሐይ ከማያየው ግድግዳ ሥር ቀርቶ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ረስቼው ነው። ውርጩ ሌሊት ሌሊት ሲመታው ከረመ። የካቲት መጨረሻ ላይ የበልጉ ዝናብ ጠብ ጠብ ሲል አፈሩን ሰንጥቀው አምስት ሐምራዊ ቀንበጦች ብቅ አሉ። እንደ ጥጃ ቀንድ ሹል ነበሩ። ጉልበቴ ላይ ተንበርክኬ ስቆጥራቸው የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳውም።

ያን ቀን የገባኝን ነገር ለመረዳት ብዙ ተክል መግደል አያስፈልግምና እነግራችኋለሁ። ሆስታ ብርዱን ይፈልገዋል። እኛ የደጋ ሰዎች አበባ በያዝን ቁጥር የምናማርረው ቅዝቃዜ ለዚህ ተክል ምግቡ ነው። ወደ ቤት ማስገባት እንቅልፉን መንሣት ነው።

የሆስታ አገሩ ጃፓን፣ ኮርያና ቻይና ነው። በጫካ ጥላ ሥርና በጅረት ዳር ይበቅላል። ስሙን ያገኘው በ1812 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ኒኮላውስ ቶማስ ሆስት ከተባለው ኦስትሪያዊ የዕፅዋት ሊቅ ነው። በአገሩ ቅጠሉን ሁሉ አራግፎ፣ እንደ ዝንጅብል የወፈረ ሥሩ ብቻ ከምድር በታች ቀርቶ፣ ብርዱን ተኝቶ ያሳልፋል። እንቅልፉ ካልሞላለት በሚቀጥለው ዓመት አቅም የለውም። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አፕል ጨንቻ ላይ አፈራ፣ በእኛም ደጋ አፈራ፣ ቆላ ላይ ግን ቅጠል ብቻ ሆኖ ቀረ ሲባል የምንሰማው በዚሁ ምክንያት ነው። ዛፉ የሚጠብቀው የብርድ ሰዓት አለ፤ ሆስታም እንዲሁ።

በብዛት የሚጠቀሰው መጠን ከ4 ወይም ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ከ600 እስከ 700 ሰዓት ነው። የእነ ጃፓን ብርድ ቀንና ሌሊት ሳይለቅ ለወራት ይዘልቃል። የእኛ ሌሊት ወርዶ ረፋዱ ላይ ይለቃል። በወረቀት አሰላሁት፦ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ 100 ያህል ሌሊት አለ፤ በእያንዳንዱ 7 ሰዓት ቢቀዘቅዝ 700 ይሞላል። ግን ሁሉም ሌሊት እኩል አይቀዘቅዝም፤ በዚያ ላይ የቀኑ ሙቀት ሌሊት የተጠራቀመውን ብርድ መልሶ ይቀንሰዋል። ስለዚህ በቀን አፈሩ እንዳይሞቅ ማድረግ የሌሊቱን ብርድ ያህል ዋጋ አለው። የተረሳው ማሰሮዬ የዳነው ለዚህ ነው። በጋ ላይ በቤቴ ሰሜናዊ ግድግዳ ሥር ያለው አፈር እኩለ ቀን ላይ እንኳ እጅ ሲነካው ይቀዘቅዛል።

ይህ ግምቴ ልክ መሆኑን ያረጋገጠልኝ የታናሽ እህቴ ግቢ ነው። እርሷ የምትኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ላይ ስትሆን ሸዋ ሮቢት ወደ 1,280 ሜትር ገደማ ናት፤ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ቁልቁል ሲወረድ ደጋው፣ ወይና ደጋውና ቆላው በግማሽ ቀን መንገድ ውስጥ ይታያሉ። ከእኔው ተክል አንድ ክፋይ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ወሰድኩላት። የመጀመሪያው ዓመት የእርሷ ተክል ቅጠል ከእኔው ይበልጥ ነበር፤ ፎቶ እየላከች አስቀናችኝ። በሁለተኛው ዓመት አነሰ። በሦስተኛው ዓመት ቅጠሉ የእጅ መዳፍ አያህልም። እህቴ በውኃ የምትሰስት ሰው አይደለችም፣ ጠዋትና ማታ ታጠጣ ነበር፤ በማንጎ ጥላ ሥርም ነው የተከለችው። ስልክ ደውላ «እትዬ፣ ይሄ ነገር ደከመው እንጂ ውኃስ አልጠማውም» አለችኝ። ከዚያ የተሻለ አባባል አላገኘሁለትም። መልሼ አምጥቼ ከሰሜኑ ግድግዳ ሥር ብተክለው በሁለት ዓመት ወደ ልኩ ተመለሰ። ስለዚህ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፣ ወይም ከዚያ በታች ያላችሁ ሰዎች ገንዘባችሁን አታውጡ። ለእናንተ ጥላ የሚሆን ሌላ ያማረ ቅጠል ሞልቷል። ለደብረ ብርሃን፣ ለሸኖ፣ ለመሐል ሜዳና ለአንኮበር ሰው ግን ሆስታ የተፈጠረለት ይመስለኛል። አንኮበር አክስቴ ግቢ ያለው ከሁሉም ይልቃል። ጉሙ ከገደሉ ሥር ወጥቶ ሲያለብሰው ቅጠሉ ቀኑን ሙሉ እንደ ታጠበ ይውላል።

አሁን ወደ ጥላው ልመለስ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስለ ሆስታ የተጻፈ ነገር ሁሉ «በሰሜን ግድግዳ ሥር ትከሉት» ይላል። የተጻፈው ግን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ለምታልፍባቸው አገሮች ነው። እኛ ከምድር ወገብ ወደ 10 ዲግሪ በማይሞላ ርቀት ላይ ነን። በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ታልፋለች፣ ሰሜኑ ግድግዳም ፍጹም ጥላ ነው። ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት በኋላ ግን አናታችንን ተሻግራ ወደ ሰሜን ትዞራለች፣ የምትመለሰውም በነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት አካባቢ ነው። ሰኔ ካለፈ በኋላ ደመና ስለሚሸፍናት ጉዳቷ ያን ያህል አይደለም። የሚያቃጥሉት ሚያዝያና ግንቦት ናቸው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ቅጠሉ ገና ለስላሳ ሳለ። በዚህ ከፍታ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ፀሐይዋ ትፋጃለች። የመጀመሪያው ግንቦት ላይ ነጩ ጠርዝ እሳት እንደ ቀረበው ወረቀት ቡናማ ሆኖ ተጠቀለለ፤ አረንጓዴው ግን ደኅና ነበር። አንዴ የተቃጠለ ቅጠል አይድንም፤ ዓመቱን ሙሉ እንዲያ ሆኖ ይከርማል።

ሁለት ዓመት በሰሌን ከለልኩት። በኋላ ከግድግዳው ሦስት ሜትር ያህል ራቅ አድርጌ ፕሪም ተከልኩ። ፕሪም በብርዱ ቅጠሉን ያረግፋል፣ ሲሞቅ ያለብሳል፣ ሚያዝያ ላይ ጥላው ሞልቶ ይደርሳል። ሆስታው ጥላ በሚፈልግበት ወር ፕሪሙ ያጠላለታል። ከዚህ ቀድሞ ከባሕር ዛፉ ሥር ሞክሬው ነበር፣ ጥላ እስከሆነ ድረስ ብዬ። ባሕር ዛፍ ሥር የሚተከል ነገር የለም። አፈሩን እስከ ታች ድረስ ያደርቀዋል፤ ቅጠሉ ሲረግፍም ሌላ ነገር እንዳይበቅል ያደርጋል። የፈረንጅ ጥድም ሥሩ ላይ ላዩን ስለሚሄድ ውኃውን ይሻማል።

የጠዋት ፀሐይ ግን አትከልክሉት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ድረስ የምትመጣው ለስላሳ ፀሐይ ታጠነክረዋለች። ጨለማ ጥላ ውስጥ ሆስታ አይሞትም፣ ግን አያድግም፤ ቀለሙም ይደበዝዛል።

ቀለሙን ካነሣሁ ዝንጉርጉሩ ከየት እንደሚመጣ ልንገራችሁ፤ ይህን ሳላውቅ ብዙ ስሕተት ሠርቻለሁ። ነጠላን አስቡ። መሐሉ አንድ ቀለም፣ ጠርዙ ላይ ጥለት። የሆስታ ቅጠል የሚሠራው በእምቡጡ ጫፍ ላይ በተደራረቡ የሕዋስ ንጣፎች ነው። ከንጣፎቹ አንዱ ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገውን ክሎሮፊል የመሥራት ችሎታውን ሲያጣ ከእርሱ የሚወጣው የቅጠል ክፍል ነጭ ወይም ቢጫ ይሆናል። ያጣው የውጭኛው ንጣፍ ከሆነ ጥለቱ ነጭ ይሆናል። የውስጠኛው ከሆነ መሐሉ ነጭ፣ ዳሩ አረንጓዴ ይሆናል። ስለዚህ ነጩ ክፍል ጌጥ ነው እንጂ ሠራተኛ አይደለም። ምግብ የሚያበስለው አረንጓዴው ነው፤ ነጩ ከእርሱ ተጋርቶ ይኖራል።

ይህን ስታውቁ የትኛውን የት እንደምትተክሉ ራሳችሁ ትወስናላችሁ። ጠርዙ ብቻ ነጭ የሆነው፣ ፓትሪዮት እንደሚባለው ዝርያ ያለው፣ ሰፊ አረንጓዴ መሐል ስላለው ጥላን በደንብ ይችላል። ፓትሪዮት በአሜሪካ በ1997 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የዓመቱ ምርጥ ሆስታ ተብሎ የተመረጠ ነው፤ ለጀማሪ ከእርሱ የተሻለ አላውቅም። መሐሉ ነጭ የሆነው ግን አረንጓዴው ጥቂት ስለሆነ ብርሃን ያንሰዋል፤ ያም ሆኖ ፀሐይ ቶሎ ታቃጥለዋለች። እርሱን ጠዋት ፀሐይ በምታይበት በምሥራቅ በኩል፣ ቀትር ላይ ግን ሙሉ ጥላ በሆነ ቦታ ነው ማኖር። አንድ ነበረኝ፤ ሦስት ቦታ አዛውሬዋለሁ። ሰማያዊ መልክ ያላቸው ደግሞ ሰማያዊነታቸው ቀለም አይደለም፤ በቅጠሉ ላይ የተቀባ ሰም ነው። ፀሐይ ሲበዛበት ሰሙ ይጠፋል። እጃችሁን አታሻሹበት፣ ውኃም ከላይ አታፍስሱበት።

አፈሩ። ቤቴ የተሠራው መረሬ ላይ ነው። የእኛን መረሬ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ክረምት እግር ይውጣል። ሆስታ እርጥበት ይወዳል፣ ውኃ ውስጥ ቆሞ መዋልን ግን አይችልም፤ አንገቱ ላይ፣ ሥሩና ቅጠሉ በሚገናኙበት፣ ይበሰብሳል። ጉድጓድ ቆፍሬ ጥሩ አፈር ሞልቼ የተከልኩት በሐምሌ ገንዳ ሆነበት፤ ዙሪያው መረሬ ስለሆነ ውኃው መውጫ አላገኘም። ከዚያ በኋላ ወደ ታች መቆፈሩን ትቼ ወደ ላይ ከፍ አደረግኩ። በድንጋይ ከልዬ ሁለት ስንዝር የሚያህል መደብ ሠራሁ። መረሬውን ከቀይ አፈር፣ ከወንዝ አሸዋና በደንብ ከበሰበሰ የበግ በጠጥ ጋር ቀላቀልኩት። የከብቱ እበት ኩበት ሆኖ ስለሚነድ በእኛ አገር ለአትክልት አይተርፍም፤ በጠጥ ግን በግ ካለበት ቤት ሁሉ ይገኛል። ቢያንስ ስድስት ወር ይክረም፤ ትኩሱ ያቃጥላል። ሲተከል አንገቱ ከአፈሩ ፊት ጋር እኩል ይሁን። በተክሎቹ መካከል ሦስት ስንዝር ያህል ተዉ፤ ሲተክሉት ባዶ መስሎ ይታያል፣ በአራተኛው ዓመት ግን ቅጠል ከቅጠል ይገናኛል።

ውኃ በተመለከተ፣ ቀንበጡ ከወጣበት ከየካቲት ጀምሮ ክረምቱ እስኪገባ በሳምንት ሁለት ጊዜ አፈሩን ዘልቆ እስኪገባ አጠጣለሁ፤ ጠዋት፣ ከሥሩ። ከኅዳር እስከ ጥር ተኝቶ ሳለ በሦስት ሳምንት አንዴ ትንሽ እርጥበት ይበቃዋል። ያን ማድ ቤት የበሰበሰውን የገደለው ሙቀቱና ውኃው አንድ ላይ ናቸው።

የክረምቱ ጠላት ቅርፊት የሌላት ቀንድ አውጣ ናት። ሌሊት ትወጣለች፣ ቅጠሉን በጅማቶቹ መካከል ቀዳዳ በቀዳዳ አድርጋ ታድራለች። ጠዋት የሚቀረው የሚያብረቀርቅ የልጋግ መንገዷ ነው። መጀመሪያ አመድ ነሰነስኩ፤ አንድ ሌሊት ዝናብ አጠበው። አመድ ሲደጋገም አፈሩን ስለሚለውጠው ተውኩት። ጨውም አትሞክሩ፤ እርሷን ቢገድል ሥሩንም ይገድላል። በመጨረሻ መፍትሔውን ያገኘሁት ከእናቴ የጠላ ጋን ነው። ቀንድ አውጣ የእርሾ ሽታ ይስባታል። የድልህ ባዶ ቆርቆሮ ወስዳችሁ አፉ ከአፈሩ አንድ ጣት ያህል ከፍ እንዲል አድርጋችሁ ቅበሩት፤ ከፍ የሚደረገው ጠቃሚ ጥንዚዛዎች እንዳይገቡበት ነው። በውኃ የቀጠነ አተላ ግማሽ ድረስ ሙሉበት። በመጀመሪያው ጠዋት ከአንድ ቆርቆሮ ዐሥራ አራት ቆጠርኩ። በየሁለት ቀኑ ይለወጥ፤ ዝናብ ካቀጠነው ሽታው ይጠፋል። ምሽት 3 ሰዓት ላይ በባትሪ ብርሃን እየዞሩ በእጅ መልቀምም ይረዳል። ቅጠለ ወፍራሞቹን ብዙም አትደፍራቸውም፤ ለዚህ ነው አንኮበር ለአክስቴ ጁን የተባለውን ዝርያ የመረጥኩላት።

እናቴ ስለ አተላው አልተቃወመችኝም፣ ስለ ተክሉ ግን ጠየቀችኝ። «ልጄ፣ ይበላል?» አለች። ጃፓኖች የፀደይ ቀንበጡን ኡሩይ ብለው እንደሚበሉት ነገርኳት። «እንግዲያው የአገሩ ጎመን ነው» ብላ ከዚያን ቀን ጀምሮ «የጃፓን ጎመን» ትለዋለች። ጎረቤቶቻችን ደግሞ ሰፊውን ቅጠል አይተው «ዝንጉርጉር ኮባ» ይሉታል፤ አንዷ ለድፎ ዳቦ ልትቆርጥ ጠይቃኛለች። ኮባ አይደለም፤ ዳቦ አይጋገርበትም። ቅጠሉ ሳፖኒን የሚባል ነገር ስላለው ውሻና ድመት ቢበሉት ያስታውካቸዋል፤ ቤታችሁ ቡችላ ካለ አስቡበት። በግ ግን ካገኘችው አትተወውም። አንድ ጊዜ ግንቦት ላይ፣ ለልደታ የገዛናት በግ ገመዷን ፈታ ሁለት ተክል እስከ አንገቱ ድረስ ጋጠችው። እርሷ ምንም አልሆነችም፤ ተክሉም በዚያው ክረምት አነስ ያለ ቅጠል አወጣ። ፍልፈል ይበልጥ ያሳዝናል፤ ከታች መጥቶ ሥሩን ይበላዋል። ፍልፈል ባለበት ግቢ ሥሩን በቀጭን የሽቦ ወንፊት ከልሎ መትከል ነው ያለው መላ።

በረዶ ሲጥል ደግሞ ሰፊ ቅጠል ይበሳሳል። ሐምሌ 2012 ላይ በሩብ ሰዓት ውስጥ የሁሉም ቅጠል ወንፊት ሆነ። አልቆረጥኩትም፤ የተበሳውም አረንጓዴ እስካለው ድረስ ለሥሩ ምግብ ያበስላል።

አሁን ልብ ብላችሁ የምትሰሙኝን ልናገር። በ2013 ዓ.ም አንድ ሻጭ ዘንድ «ልዩ ዘር ነው፣ ሌላ ቦታ አታገኚውም» የተባለ ሆስታ አየሁ። ቅጠሉ ፈዘዝ ያለ ቢጫማ ሆኖ በጅማቶቹ ዳር ጥቁር አረንጓዴ ፈስሶበታል፣ እርጥብ ወረቀት ላይ ቀለም እንደሚሰራጨው። አማረኝ። ከሌሎቹ በእጥፍ ዋጋ ገዝቼ ከራሴ ጁን አጠገብ ተከልኩት፤ በአንድ ቢላዋ የሁለቱንም የደረቀ ቅጠል ቆረጥኩ። በሚቀጥለው ዓመት ጁን ላይ ያው ነገር ወጣ፣ ቅጠሉም ጨማደደ። ዘር አልነበረም፤ በሽታ ነው። ሆስታ ቫይረስ ኤክስ ይባላል፤ በ1996 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ነው ተለይቶ የታወቀው። መድኃኒት የለውም። በተክሉ ፈሳሽ ይተላለፋል፤ በቢላዋ፣ በመቀስ፣ በእጅ ጭምር። ሁለቱንም ከነሥራቸው ነቅዬ አቃጠልኩ። ጁን አራት ዓመት ያሳደግኩት ነበር፤ አለቀስኩ ብል አላፍርም።

ከዚያ ወዲህ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስሄድ ቢላዋዬን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ውስጥ እነክራለሁ። ስትገዙም እንዲህ ለዩት፦ እውነተኛ ዝንጉርጉር ጥርት ያለ ድንበር አለው፣ ከቅጠል ቅጠልም ይመሳሰላል። በሽታው ጅማት ተከትሎ ይፈሳል፤ አንዱ ቅጠል ከሌላው አይገጥምም፣ ቦታው ይሰረጉዳል ወይም ያብጣል። ምልክቱ ከዓመታት በኋላ ሊወጣ ስለሚችል አዲስ የገዛችሁትን ከሌሎቹ ለይታችሁ አቆዩት። እኔ ሁለት ክረምት አቆየዋለሁ።

ሌላው የሚያሳስበው ወደ አንድ ቀለም መመለሱ ነው። ዝንጉርጉርነቱ የማይጸና ስለሆነ አንዳንዴ ከአንዱ ጎን ሙሉ አረንጓዴ ቀንበጥ ይወጣል። ሁለተኛው ጁኔ ላይ የወጣው ሙሉ ሰማያዊ ነበር፤ ጁን የመጣው ሃልሲዮን ከሚባለው ሰማያዊ ሆስታ ስለሆነ ወደ እናቱ መመለሱ ነው። ቆንጆ ስለነበር ተውኩት። ሙሉ ቅጠሉ ምግብ ስለሚያበስል ከዝንጉርጉሩ ፈጥኖ ያድጋል፤ በሁለት ዓመት ግማሹን መደብ ያዘ፣ መሐሉ ወርቃማ የሆነው ዝንጉርጉሩ ወደ ጥግ ተገፋ። ቅጠሉን መቀንጠስ አይበቃም። ገና አንድ ዓይን ሳለ አፈሩን ገለጥ አድርጎ ከነሥሩ መቁረጥ ነው። የቆረጥኩትን ለብቻው ተከልኩት፤ አሁን ከሁሉም ትልቁ እርሱ ነው።

ዘሩን ለቅማችሁ እንዳትደክሙ። ሐምራዊ አበባው በክረምት ያብባል፣ ዘርም ይይዛል። ጎረቤቴ ከፓትሪዮት ዘር ሃያ የሚያህል አበቀለች፤ ሁሉም ተራ አረንጓዴ ሆኑ። ጥለት ያለውን የምታባዙት ሥሩን በመክፈል ብቻ ነው።

ለመክፈል አራት ዓመት እስኪሞላው ታገሡ። ጊዜው የካቲት ነው፤ ዓይኖቹ አፈሩን ገፋ አድርገው ሳይከፈቱ። ሙሉውን በመቆፈሪያ አንሥታችሁ አፈሩን በውኃ እጠቡት፤ እንደ ድንች ዓይኖቹ ይታያሉ። ለእያንዳንዱ ክፋይ ሁለት ዓይንና በቂ ሥር አድርሱት፤ አንድ ዓይን ብቻ ያለው ይድናል ግን ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። የተቆረጠው ፊት በጥላ ለጥቂት ሰዓት ይድረቅ። ቅጠሉ ከተከፈተ በኋላ ውርጭ ቢመጣ ግን ያቃጥለዋል፤ ያኔ ማታ ማታ ቅርጫት ድፉበት፣ ጠዋት አንሡለት። ብርዱን የሚችለው የተዘጋው ዓይን ነው።

ዘንድሮ የካቲት 9 ላይ ትልቁን ፓትሪዮት አነሣሁት። ዐሥራ አንድ ዓይን ነበረው። አራት አደረግኩት፤ አንዱ ለአክስቴ ወደ አንኮበር፣ አንዱ ዘር ዘርታ ለደከመችው ጎረቤቴ፣ ሁለቱ እዚያው ለግድግዳዬ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ሌሊቱ ይከፋል፣ አታስገቢያቸውም ወይ?» አለችኝ። ሌሊቱን አመዳይ ጥሎ አደረ። ዓይኖቹ ገና አልተከፈቱምና እዚያው ተውኳቸው።